ከጓደኞች ጋር ጣና ላይ ለመዋል፦ ጀልባው፣ ደሴቱ፣ ሂሳቡ

ደሴት ላይ ለመዝናናት የግድ ዛንዚባር መሄድ የለባችሁም። ፓስፖርት፣ ዶላር፣ ትኬት ሲባል ገና ከጅምሩ ግማሹ ጓደኛ "እኔን እንኳ አይመቸኝም" ብሎ ከግሩፑ ድምፁን ያጠፋል። ጣና ግን እዚሁ አገራችን ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ፣ 37 ያህል ደሴቶች፣ ዘንባባ፣ ማንጎ፣ የቡና ጫካ፣ ጉማሬ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ፔሊካን። ነጭ አሸዋ የለም። እሱ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ይዞት የሚመጣው እቅድ ይመሳሰላል፦ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ገዳም፣ ጢስ ዓባይ፣ ቤዛዊት፣ ማታ አዝማሪ ቤት፣ በማግስቱ ደግሞ ጎርጎራ። ማንም ይህን ሁሉ አይጨርሰውም፤ የሚጨርስም ካለ ተኮራርፎ ነው የሚመለስ። እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ጥቂት ቦታ ምረጡ፣ በጠዋት ውጡ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ተመለሱ። ሌላው ዝርዝር ነው።

ከዝርዝሩ በፊት ግን አንድ ነገር። ከ2015 ክረምት መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚህ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ላይ ደውሉ፤ መንገዱ እንዴት ነው፣ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይንቀሳቀሳል፣ ጀልባ ወደየት እየሄደ ነው፣ ብላችሁ ጠይቁ። የሆቴሉም ሰው ይነግራችኋል፣ ግን ሆቴል ክፍል ማከራየት ስለሚፈልግ የዘመድን ቃል አስቀድሙ። በመኪና ዓባይ በረሃን አቋርጦ መምጣት ድሮ የጉዞው ግማሽ ደስታ ነበር። አሁን ግን የሚሻለው አውሮፕላን ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ዘመዳችሁ "ቆዩ" ካላችሁ ቆዩ። ጣና የትም አይሄድም።

መቼ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ዝናቡ ያበቃል፣ ዙሪያው ሁሉ ለምለም ነው፣ ሐይቁ ሞልቷል። ጥር በዓል ስለሚበዛበት ደምቆ ይከርማል፤ ለጥምቀት መምጣት ከፈለጋችሁ አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ዋጋውም ያው የበዓል ዋጋ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ይከብዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከሸገር ለሚመጣ ሰው ለውጡ ወዲያው ይሰማዋል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዶፍ አለ፤ ፍቅረኛሞች ይመቻቸው ይሆናል፣ ለስምንት ጓደኛ ግን ይደብራል።

ዝናቡ እንደወጣ የሚመጣ ሰው ስለ ወባ ማሰብ አለበት። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማታ ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ "ብርድ መትቶኝ ነው" ብሎ መተኛት የለም፤ ተመርመሩ፣ ባሕር ዳር ደርሳችሁ እንደመጣችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?

ይህ ጥያቄ ከሆቴሉም ከደሴቱም ይቀድማል። ጀልባ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነውና ሦስት ሆናችሁ ስትመጡ ለእያንዳንዱ ይከብዳል። ከስድስት እስከ ስምንት አንድ ጀልባ አይጣበብባችሁም፣ ሂሳቡም ይቀላል። ከዚያ ካለፈ ሁለት ጀልባ ያስፈልጋል፤ ሁለት ጀልባ ማለት ደግሞ ሁለት ቡድን ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ "እናንተ ለምን ጥላችሁን ሄዳችሁ" ይመጣል።

ሌላው፣ ሴቶች አሉ ወይ? መንገዱን የሚወስነው ይህ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ በር ላይ ተከራክሮ የሚለወጥ ነገር የለም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ጀልባው ከቆመ በኋላ ስለሆነ ወንዶቹ ወጥተው ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህ ለማንም ደስ አይልም። መፍትሔ አለው፤ ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፣ እሱ ለሴቶችም ክፍት ነው። ጀልባ ነጂው ወንዶቹን ክብራን አውርዶ ሴቶቹን እንጦስ ያደርሳል፣ ከዚያ ይሰበስባችኋል። ወይም ከነጭራሹ ሁላችሁም አብራችሁ የምትገቡበትን ምረጡ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ አብሮ ለመዋል ነው እኮ የመጣችሁት።

ጀልባ መያዝ

ሐይቁ ዳር ብቅ ስትሉ ደላላ ይከባችኋል። "ወንድሜ ጀልባ፣ እህቴ ጀልባ፣ ጉማሬ አሳይሃለሁ፣ የዓባይን መውጫ አሳይሻለሁ።" አትናደዱባቸው፣ እንጀራቸው ነው። ግን የጀልባውን ነጂ ራሱን ሳታገኙ ዋጋ አትጨርሱ። ስትነጋገሩ ሁሉም ነገር በግልጽ ይባል፦ የት የት እንደሚደርስ፣ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ ዋጋው ውስጥ መሆኑ፣ ደርሶ መልስ መሆኑ። አስጎብኚ ካለ የሱ ክፍያ ለብቻው ነው ወይስ አብሮ? የገዳማቱ መግቢያ ሁልጊዜም ለብቻው ነው፣ እሱን ከጀልባው ሂሳብ ጋር አታምታቱት። ቀብድ ስጡ እንጂ ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ። ቀሪው ስትመለሱ፣ መሬት ከረገጣችሁ በኋላ።

ዋጋ ከመጨረሳችሁ በፊት ጀልባውን እዩት። ለሁላችሁም የሚበቃ ላይፍ ጃኬት አለ? "አለ፣ አለ" የሚለው መልስ አይደለም፣ አውጥቶ ይቁጠርላችሁ። ጣሪያ አለው? ጣናን ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ ፀሐዩ ከላይ፣ ነጸብራቁ ከታች ሆኖ ጥላ የሌለው ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ማታ ትከሻው በእጅ አይነካም። ትርፍ ነዳጅ ይዟል? ዋና የማይችል ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ (ግማሾቻችሁ አትችሉም፣ እንተዋወቃለን) ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫው ሥር ሳይሆን ደረቱ ላይ አድርጉለት፣ ቢስቁበትም ይሳቁበት።

አሁን ስለ ነፋሱ። ጣና ጠዋት ጠዋት መስተዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ እያነሳ ያፈርጣታል። ማዶ ሆናችሁ ነፋሱ ከያዛችሁ መመለሻው ይረዝማል፣ ልብሳችሁም ይበሰብሳል፣ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ደግሞ ያስመልሰዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀልባ ላይ ሁኑ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ከተማ ፊታችሁን አዙሩ። "ማታ ጨፍረን ጠዋት 3 ሰዓት እንነሳለን" የሚል ጓደኛ በየቡድኑ አለ፣ ጭፈራውን ለሁለተኛው ማታ አስተላልፉበት። ማዕበል ከመጣ ከፊት ይልቅ ከኋላ መቀመጥ ይሻላል፣ ከፊት ያለው ነው በኃይል የሚመታው። ስልክና ብር ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉም ሌላ ፌስታል ውስጥ።

የት እንሂድ?

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዘጌ። አለቀ። በትክክል ደሴት አይደለም፣ ከምድር ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ በመኪናም ይደረሳል፤ ግን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ሄዳችሁ ጫካው ሥር ስትወርዱ ደሴት አይደለም ብሎ የሚከራከር አይኖርም። በዘጌ በገዳሙ ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ሰዉ በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚ ነው የኖረው፣ ጫካውም በዚሁ ምክንያት ተረፈ ይባላል። ቡናውን የተከሉት ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

ከወደቡ ሽቅብ በቡናው መሀል ትንሽ ስትሄዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች። ክብ ናት። ውጭውን ስታዩት ያው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመስላችሁ፣ ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ስታዩ ግን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጻድቁ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ጋር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ፣ ሰው በላው በላዔ ሰብ በእመቤታችን ስም ለተጠማው ውሃ ሲሰጥ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። አንድ ሰው ታሪኩን የሚያውቅ ካለ ይተርክ፣ ከሌለ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ሳይተረክ ሲታይ ቀለም ብቻ ነው። ከወደቡ አጠገብ ያለችው አዝዋ ማርያምም በዚያው ትታያለች። ከዚያ በላይ ሦስተኛ፣ አራተኛ ቤተ ክርስቲያን አትጨምሩ። ይልቅ ጫካው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የዘጌን ቡና አስፈልታችሁ ጠጡ፣ ጦጣዎቹን እዩ። በመንገዱ ዳር ትንንሽ የደንገል ታንኳና በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል የሚሸጡ አሉ፤ መግዛት ካሰባችሁ ስትመለሱ ግዙ፣ ሽቅብ ተሸክማችሁ አትሂዱ።

ሙሉ ሁለት ቀን ላላቸውና ጀልባ ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ለማይሰለቻቸው ደቅ ደሴት አለ። በተራ ሞተር ጀልባ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ናርጋ ሥላሴ እዚያ ናት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት፤ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበት ሥዕል ግድግዳዋ ላይ አለ። ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፣ የነ ዘርዓ ያዕቆብና የነ ፋሲል አፅም ያረፈበት፤ እሱ ግን ቅድም እንዳልኩት ለወንድ ብቻ። ለደቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ካልወጣችሁ አትሞክሩት።

ትንሽ ጊዜ ብቻ ያለው ቡድን ደግሞ ደብረ ማርያምን ይያዝ። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ አጠገብ ያለች፣ ከከተማው ቅርብ የሆነች ደሴት ናት፣ ሴትም ወንድም ይገባል። ጉማሬ የሚታየውም እዚሁ አካባቢ ነው። ጉማሬ ስታዩ "ጠጋ በል፣ ጠጋ በል፣ ቪዲዮ ልቅረጽ" እያላችሁ ነጂውን አታጣድፉት። ጉማሬ ተቆጥቶ ጀልባ ሲገለብጥ ላይክ አይቆጥርም።

ገዳም ውስጥ

ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይያዙ፣ ወንዶች ቁምጣውን ለሆቴሉ ተዉት። ጫማ ይወለቃል፣ ስለዚህ ማሰሪያ የበዛበት ጫማ አታድርጉ። አባቶችን ስታገኙ "አባ ይፍቱን" ማለት በቂ ነው፣ "እግዚአብሔር ይፍታ" ይሏችኋል፣ ፊታቸውም ይፈታል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። እምነቱ ሌላ የሆነ ጓደኛም ሥርዓቱን ጠብቆ ቢገባ የሚከለክለው የለም።

ብዙዎች የማያስቡት ሰዓቱን ነው። በጾም ወቅት ቅዳሴ ቀትር ላይ ይገባና ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው፤ በዚያ መሀል ብትደርሱ ሥዕሉን አታዩም። እሑድ ደግሞ ጠዋት ነው ቅዳሴው። ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19 እየተባለ ወርኃዊ በዓሉም አለ፤ በበዓሉ ቀን መሄድ ለሚያስቀድስ ሰው ደስ ይላል፣ ለመጎብኘት ለመጣ ግን ይጨናነቃል። ቁልፍ የያዙት አባት ሌላ ቦታ ሄደው ከሆነም መጠበቅ ነው። አትነጫነጩ፣ ቡናው ሥር ቁጭ በሉ።

ዋና የለም

ይህን ስል የሚከፋው ሰው አውቃለሁ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ትል ዳር ዳሩ ላይ፣ ደንገሉና ሣሩ ባለበት በሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ይራባና ከውሃው በቆዳ በኩል ይገባል፤ ሲገባ አይታወቅም። ልጆቹ ሲዋኙ ታያላችሁ፣ እነሱም በሽታው ስለማይነካቸው አይደለም። መዋኘት ካማራችሁ ገንዳ ያለው ሆቴል ያዙ። እግሩ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመርምሮ ቢገኝበት መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ አትደንግጡ። የሐይቁን ውሃ መጠጣትማ አይታሰብም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ትልልቅ የታሸገ ውሃ ጀልባው ላይ ጫኑ፣ ባዶውን ፕላስቲክም መልሳችሁ አምጡ፤ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ይበቃዋል።

ምሳ

ገዳማቱ አካባቢ ምግብ ቤት እንደልብ አይገኝም። አገልግል አሠርታችሁ ሂዱ። ከዋዜማው ምሽት በፊት ለሆቴሉ ወይም ለምታውቁት ምግብ ቤት ብትነግሩ ዶሮውን በእንቁላሉ፣ የጾም ከሆነ ሽሮውን ፍትፍት አድርገው ያዘጋጁላችኋል። አገልግሉን ራሱን ቅዳሜ ገበያ ላይ መግዛት ይቻላል፣ ቆዳው በደንብ የተሰፋውን ምረጡ። ዓሣ የምትበሉት ከተማ ስትመለሱ ነው። ቀረሶ በሙሉው፣ ጎን ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ከአዋዜ ጋር፤ ወይም ዓሣ ዱለት። ዱለቱ ባሕር ዳር ላይ ሌላ ነገር ነው። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር በዚህ ጊዜ መነሳቱ አይቀርም፣ እሱን ለራሳችሁ ተውኩላችሁ፣ ሥጋ የሚፈልገውም ለብቻው ይዘዝ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ሲይዘው እናንተ መሬት ላይ ናችሁ፣ ተኙ። አመሻሽ ላይ ብስክሌት ተከራይታችሁ በዘንባባው መሀል ንዱ፣ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ፣ ወይ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡና ዓባይን ከላይ እዩት። ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ካገኛችሁ ቆም በሉ። ደንገሉን እንዴት እንደሚያስሩት ጠይቁ፣ ፎቶ ካነሳችሁ አስፈቅዱ፣ ታንኳው ላይ ካስቀመጧችሁ ደህና አድርጋችሁ ክፈሉ። እንደ ትርዒት ቆማችሁ እየሳቃችሁባቸው አትሂዱ። የምሽቱን አዝማሪ ቤት ጉዳይ የሰዓት እላፊ ካለ እሱ ይወስነዋል፤ ከተፈቀደ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ግጥም እየተቀበለ ስማችሁን ሲያነሳ ኪስ መዳበስ ያሳፍራል።

ጢስ ዓባይስ? ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሆነ የመጣችሁት፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ ሁለተኛውን ጠዋት ስጡት። በበጋ ግን ውሃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ብር ኖት ላይ የምታውቁትን እየጠበቃችሁ ሄዳችሁ በገደል ላይ ቀጭን ውሃ ብታገኙ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

ብሩ

ከመካከላችሁ አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ በጣም የሚወደደውን ሳይሆን በጣም ቆጣቢውን። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም እኩል በቴሌብር ይላክለት፤ አልጋው፣ ጀልባው፣ አገልግሉ፣ ውሃው ከዚያ ይወጣል። መጠጥ ግን ከጋራው አይከፈልም፣ የሚጠጣው ለራሱ ይክፈል፣ አለበለዚያ ለስላሳ የያዘችው ልጅ የሰባት ሰው ቢራ ትከፍላለች። ደሴት ላይ ኔትወርክ አይታመንም፣ ስለዚህ ያዡ ጥሬ ብር ይያዝ፣ በተለይ ዝርዝር፣ ለመግቢያው፣ ለቡናው፣ ለሙዳየ ምጽዋቱ። ያወጣውን በየቀኑ ማታ ግሩፑ ላይ ይጻፍ። ተራፊ ካለ በመጨረሻው ጠዋት የዘጌ ቡና ገዝታችሁ ተካፈሉት። የጎደለውን ደግሞ ኤርፖርት ሳትደርሱ ዝጉ፣ "አዲስ አበባ ስገባ እልክልሃለሁ" ያለ ጓደኛ ሲልክ አላየሁም።